ክረምት ላይ የማይደርቅ ጨርቅ፦ የሚታጠብ ሞዴስና የወር አበባ ፓንት በብርድ ወቅት

የሚታጠብ ሞዴስም ሆነ የወር አበባ ፓንት ሲሸጥ አብሮት የሚመጣው መመሪያ በየአገሩ ብዙም አይለያይም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ደብረ ብርሃን፣ ፍቼ፣ ደብረ ታቦር ወይም አዲስ አበባ ያለች ሴት የመጨረሻዋን ትእዛዝ በምን ትፈጽማት? ፀሐይ የምትወጣው ለአንድ ሰዓት ነው፤ ገመዱ ላይ ያለው ልብስ ጠብታውን ሳይጨርስ ካፊያ ይጀምራል። ጨርቁ ወደ ቤት ይገባል፣ ቤቱም ራሱ ርጥብ ነው።

ጥያቄው ጥቃቅን የቤት ውስጥ ጉዳይ ይመስላል። ይሁንና ስለ ወር አበባ ንጽሕና ባለፉት 20 ዓመታት የተነሱት ክርክሮች ሁሉ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። የሚታጠበው ይሻላል ወይስ የሚጣለው? ችግሩ ዕቃው ነው፣ ውሃው ነው ወይስ ሐፍረቱ? አንድ ወገን የሚታጠበው በትክክል ከተያዘ ከሚጣለው የሚያንስበት ነገር የለም ይላል። ሌላው፣ በርጥበትና በውሃ እጥረት ውስጥ “በትክክል መያዝ” የሚባለው በወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው ብሎ የኢንፌክሽን ሥጋት ያነሳል። ሦስተኛው ስለ ጨርቁ ከመከራከር በፊት ስለ ቧንቧው፣ ስለ ገመዱና ስለ መታጠቢያ ክፍሉ በር እንነጋገር ባይ ነው። ሦስቱም ማስረጃ አላቸው፤ የማስረጃቸው ጥንካሬ ግን እኩል አይደለም።

ከእንዶድ እስከ መቀሌው ፋብሪካ

ጨርቅ አጥቦ ደግሞ መጠቀም አዲስ ፈጠራ አይደለም። ያረጀ ነጠላ፣ የአሮጌ ቀሚስ ቅዳጅ፣ የጋቢ ቁራጭ እየታጠፈ ያገለግል ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤት ያገለግላል። አውሮፓና አሜሪካም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአብዛኛው ከዚህ የተለየ ነገር አልነበረም። እዚያ ገበያው ወደሚጣል ሞዴስ የዞረው ኮቴክስን የመሳሰሉ ምርቶች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲመጡ ነው።

በእኛ ደጋ ማጠቢያው እንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አጠገብ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ግኝቱ ለቢልሃርዚያ መከላከያ ተስፋ መስጠቱ በሰፊው ይታወቃል። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ሌላው ጠባዩ ነው። የእንዶድ አረፋ የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን በቀዝቃዛ ውሃም ያረፋል። ሳፖኒን በጠባዩ የቀይ ደም ሕዋስን ሽፋን የሚያፈርስ መሆኑም ይታወቃል። በደም ለተበከለ ጨርቅ፣ ማሞቂያ እንጨት ለሌለው ቤት፣ መጥፎ ምርጫ አልነበረም።

የሚታጠበው በአፍሪካ በፋብሪካ ደረጃ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ነው። ዴይስ ፎር ገርልስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ኬንያ ውስጥ ሲጀምር መጀመሪያ ያደለው የሚጣል ሞዴስ ነበር፤ ማስወገጃ ቦታ ስለሌለ ወደሚታጠበው ዞረ። ዩጋንዳ ውስጥ አፍሪፓድስ የተባለው አምራች ተከተለ። መቀሌ ላይ ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ማሪያም ሰባ የተባለውን ፋብሪካ ከፈተች፤ ራሷ የነደፈችው ሞዴስ በአግባቡ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል የተሠራ ነው። በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሲሸልማት ጉዳዩ ከሴቶች ጓዳ ወጥቶ የዜና ርዕስ ሆነ። የወር አበባ ፓንት፣ ማለትም መምጠጫው ከውስጥ ልብሱ ጋር አብሮ የተሰፋው፣ በሀብታም አገሮች ገበያ የሰፋው እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ ወዲህ ነው። ብሪታንያ ከጥር 2024 መጀመሪያ አንሥታ የተጨማሪ እሴት ታክሱን እስከማንሳት ደርሳለች።

በእነዚህ ሁሉ ምርቶች ዲዛይን ውስጥ መምጠጥና አለማፍሰስ ትልቁን ቦታ ይዘዋል። መድረቅ ለፀሐይ የተተወ ይመስላል፤ ከአንድ ምርት በስተቀር፣ እሱንም ወደ ኋላ እናየዋለን።

ብርድና ብርድ

“በብርድ ወቅት” ስንል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እየቀላቀልን ነው፤ ብዙው ምክር የሚስተውም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው የክረምት ብርድ ነው። የአዲስ አበባ ሙቀት በነሐሴ ቀን 20 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ በቁጥር ካየነው ብርድ የሚባል አይደለም። ችግሩ አየሩ በውሃ ተሞልቶ ሌላ ውሃ የሚቀበልበት ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የደጋ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃንና መንዝ ሌሊት ውርጭ ይመታቸዋል፤ ሲነጋ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱ ይነፍሳል። እንዲህ ባለ ቀን ማለዳ ላይ በውርጭ እንደ ሰሌዳ የገገረ ጨርቅ ከሰዓት በኋላ እውነተኛ ደረቅ ሆኖ ይገኛል። በረዶም ቢሆን ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ስለሚለወጥ፣ አየሩ ደረቅ ከሆነ ልብስ ከዜሮ በታችም ይደርቃል።

ሦስተኛው የውጭ አገሩ ክረምት ነው። ሚኒያፖሊስ ወይም ቶሮንቶ በጥር ከአዲስ አበባ ጋር የማይወዳደር ብርድ አለ፤ ነገር ግን በማሞቂያ የሚሞቅ ቤት አየሩ እጅግ ደረቅ ስለሆነ ማታ የተሰጣ ፓንት ጧት ሊደርቅ ይችላል። በአንጻሩ ለንደን ውስጥ የማሞቂያ ሒሳብ ፈርቶ ማሞቂያውን ያጠፋ ርጥብ ቤት ከአራት ኪሎ የነሐሴ ክፍል ብዙ አይለይም።

እንግዲህ ጠላቱ ቅዝቃዜ ሳይሆን ርጥበት ነው። ይህ ልዩነት በተግባር ለውጥ አለው። “ሞቅ ያለ ቦታ ይሰጣ” የሚለው ምክር ሰው በተኛበት፣ በር በተዘጋበት፣ ድስት በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ጨርቁ እንዲንጠለጠል ያደርጋል፤ እዚያ ያለው ሙቀት ተን የተሸከመ ነው። ነፋስ የሚያገኘው፣ ጣሪያ ያለው፣ ቀዝቃዛ በረንዳ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ጨርቁም የራሱ ጠባይ አለው። አንድ ነጠላ ቁራጭ ከሁለቱም ገጹ ይተናል። ብዙ ንብርብር ያለው፣ በአንድ ጎኑ ውሃ የማያሳልፍ የፖሊዩሪቴን ሽፋን የተለበጠበት ሞዴስ ግን የሚተነው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። ላዩ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ሆኖ መሐሉ ርጥብ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመሰጣቱ በፊት የሚወጣው ውሃ ሁሉ ትርፍ ነው፤ ሽፋኑ እንዳይሰነጠቅ ጠምዝዞ ከመጭመቅ ይልቅ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ በጉልበት መጫን፣ ከዚያ መምጠጫውን ወደ ውጭ፣ ሽፋኑን ወደ ውስጥ አድርጎ መስቀል ይሻላል።

ቀዝቃዛ ውሃና ፍል ውሃ

ስለ ቀዝቃዛው ውሃ ክርክር የለም፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው ለቅለቃ። በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሲሞቅ ይረጋል፣ ከክሩም ጋር ይጣበቃል። በፍል ውሃ የተጀመረ እጥበት እድፉን ያትመዋል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ በቀዝቃዛ ከለቀለቁ በኋላ ግን መንገዱ ሁለት ይሆናል።

አምራቾች 30 ወይም 40 ዲግሪ ይላሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ሙቀት ሽፋኑንም ላስቲኩንም ያበላሻል። የንጽሕና ባለሙያዎች ደግሞ 30 ዲግሪ እድፍ እንጂ ተሕዋስያንን አያስወግድም ብለው ይከራከራሉ። ፈንገስ ያለበት ጨርቅ በ30 ዲግሪ ታጥቦ ፈንገሱ ሲተርፍ፣ በ60 ዲግሪ ሲጠፋ በላብራቶሪ ታይቷል። ሁለቱም ወገኖች የሚያስቡት ግን ሙቀቱ በቁልፍ ስለሚመረጥበት ማሽን ነው። ሳፋና ጀሪካን ላላት ሴት የክረምት የቧንቧ ውሃ 30 ዲግሪ ቀርቶ ግማሹንም ላያክል ይችላል። ዱቄት ሳሙና በዚያ ቅዝቃዜ በደንብ አይሟሟም፤ እጅ ስለሚደነዝዝም ለቅለቃው ያጥራል። የቀረው የሳሙና ቅሪት ቆዳ ይቆጠቁጣል፣ ያሳክካልም። ከዚያ “የሚታጠበው አሳከከኝ” ይባላል። ኦሞውን በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ወደ ሳፋው መጨመር ይህን በከፊል ይፈታል፤ ከሰሉም ብዙ አያልቅም።

ማፍላትስ? ሽፋንና ላስቲክ የሌለው ተራ የጥጥ ጨርቅ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ ወደ 90 ዲግሪ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። የፋብሪካው ሞዴስና ፓንት ግን ደጋግሞ መፍላትን አይችልም። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም መገለባበጥ አለ፤ ኋላ ቀር ተብሎ የተናቀው የነጠላ ቁራጭ ሊፈላ፣ በካውያ ሊተኮስ፣ ከሁለት ፊት ሊደርቅ ይችላል፣ ዘመናዊው ሦስቱንም አይወድም። በረኪናውን በተመለከተ አምራቾች በአንድ ድምፅ ይከለክላሉ፤ ላስቲክ ይበላል፣ በደንብ ካልተለቀለቀም ቆዳ ያቃጥላል። የልብስ ማለስለሻም ክሩን ስለሚለብጠው መምጠጡን ይቀንሳል።

ማስረጃው ምን ያህል ይመዝናል

የሚታጠበው ጤና ይጎዳል የሚለው ወገን ደጋግሞ የሚጠቅሳቸው ጥናቶች ከሕንድ፣ ከኦዲሻ ግዛት የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በ486 ሴቶች ላይ የታተመው ጥናት የሚታጠብ ጨርቅ የሚጠቀሙት የሚጣል ከሚጠቀሙት ይልቅ የሽንት ቧንቧና የብልት ኢንፌክሽን እንደሚበዛባቸው አገኘ። በ2018 በ558 ሴቶች ላይ የወጣው ተከታዩ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በሚታጠብ ተጠቃሚዎች ላይ በዝቶ መገኘቱን፣ ከነሱም መካከል ቤት ውስጥ በሚያደርቁትና መጸዳጃ ቤት ደብቀው በሚያስቀምጡት ላይ ይበልጥ መታየቱን ጨመረ። ለእኛ ጥያቄ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ ማግኘት ይቸግራል፤ ቤት ውስጥ ማድረቅን ለይቶ መዝኗልና።

ነገር ግን ሦስት ነገር ማየት ያስፈልጋል። ጥናቶቹ ሆስፒታል በመጡ ሴቶች ላይ፣ በአንድ ወቅት የተሠሩ ናቸው፤ አብሮ መገኘትን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጡም። የሚታጠብ ጨርቅ የምትጠቀም ሴት ብዙውን ጊዜ ውሃም፣ መታጠቢያ ክፍልም የሚያንሳት ድሃ ናት። ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማስተካከል ቢሞክሩም ድህነት ሙሉ በሙሉ በስሌት አይወጣም። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ነው፤ እዚያ የተጠናው በአብዛኛው አሮጌ ጨርቅ እንጂ ለዚሁ ተብሎ የተሰፋ ሞዴስ አይደለም። ውጤቱን እንዳለ ወደ መቀሌው ወይም ወደ ዩጋንዳው ምርት ማሻገር ከማስረጃው በላይ መናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ጥናቶችን የመረመረ ዳሰሳም ግንኙነቱ ሊኖር እንደሚችል ገልጾ፣ ማስረጃው ግን ደካማና እርስ በርሱ የማይስማማ መሆኑን ጽፏል።

ይህ ሲባል ግን ሥጋቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ፈንገስ ርጥብ ጨርቅ እንደሚወድ ለማወቅ ጥናት አያሻም። የሚያከራክረው መጠኑ ነው።

ስለ ሽታውም አንድ ጃፓናዊ ሥራ አለ። ጃፓን የዝናብ ወቅት አላት፤ ልብስ ቤት ውስጥ ማድረቅም የታወቀ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የዚያን ርጥብ ልብስ ሽታ አምጪ ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ለየ። ባክቴሪያው መድረቅንና የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ከሌሎች ይልቅ የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ሽታ በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን የታጠበ ጨርቋ የሚሸት ልጅ ክፍል ውስጥ ተረጋግታ አትቀመጥም።

ፀሐይና ጓዳ

“ፀሐይ ላይ ይሰጣ” የሚለው ምክር ሁለት ሥራ አንድ ላይ ይሰጣታል፣ ማድረቅና ተሕዋስያንን መግደል። ሁለተኛው ሳይጋነን አልቀረም። ጨረሩ የሚደርሰው ላዩ ላይ ነው፤ በአምስትና በስድስት ንብርብር ውስጥ አልፎ አይሠራም። የደጋ ፀሐይ ከቆላው ይልቅ በጨረር የበረታች ብትሆንም ይህን አትለውጠውም። የፀሐይ ዋናው ውለታ ቶሎ ማድረቋ ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ በጥላ ሥር፣ በነፋስ፣ እስከ መሐሉ የደረቀ ጨርቅ ፀሐይ አላየምና አይሆንም የሚባልበት በቂ ምክንያት የለም። ምክር ሰጪዎች ፀሐይን ግዴታ ሲያደርጓት፣ ክረምት ላይ ያለችውን ሴት የምትችለውን እንኳ እንዳትሠራ ተስፋ ያስቆርጧታል።

ፀሐይ በምትወጣበት ቀንስ? ገመዱ የጋራ ነው። የቀበሌ ቤት ግቢ፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ኋላ የተዘረጋ ሽቦ፤ ሁሉም ሰው ያየዋል። የወር አበባ ጨርቅ መታየት የለበትም የሚለው ልማድ ከአገር አገር ቢለያይም የትም አልጠፋም። ስለዚህ ጨርቁ ነጠላ ሥር ይሰጣል፣ ከሌላ ልብስ ኋላ ይደበቃል፣ ሲብስ ፍራሽ ሥር ወይም ሻንጣ ውስጥ ርጥቡን ይገባል። በቀጭን ነጠላ መሸፈን ነፋስ እስካላገደ ድረስ ጉዳት የለውም። ፍራሹ ሥር ግን ያለው ሻጋታ ነው።

ለዚህ በዲዛይን መልስ ያገኘው ከላይ የጠቀስነው ዴይስ ፎር ገርልስ ነው። መምጠጫው ከሽፋኑ ተነጥሎ ይወጣል፤ ሲዘረጋ ስስ፣ ባለ ቀለም፣ አራት ማዕዘን ጨርቅ ይሆናል፤ ገመድ ላይ ሲታይ ፊት መጥረጊያ ነው የሚመስለው። ከሁለት ፊት ይደርቃል፣ ማንም ልብ አይለውም። ሐፍረትን አልተዋጋም፣ ሸሸው እንጂ። ይህን የሚተቹ አሉ፤ መደበቅን ማመቻቸት ነውሩን ማጽናት ነው ይላሉ። ትችቱ በመርህ ትክክል ነው። ሐምሌ ላይ ግን ማኅበረሰቡ አስተሳሰቡን እስኪለውጥ የሚጠብቅ ጨርቅ የለም፤ በዚህ ነጥብ ይህ ጸሐፊ ከሸሺዎቹ ጋር ነው።

ቤት ውስጥ ለማድረቅ የግድ ሲሆን የተለመደው የከሰል ማንደጃ ነው። ማንደጃ አጠገብ የተንጠለጠለ ጨርቅ በእርግጥ ይደርቃል። ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ጭስ ይጠጣል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት በካርቦን ሞኖክሳይድ የሚገድል መሆኑ ነው። ሞዴስ ለማድረቅ ተብሎ ማታ ማንደጃ ክፍል ውስጥ መተው አይገባም። የቡና ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ በሩ ክፍት ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ ከራቅ ያለ ቦታ ማናፈስ ሌላ ነገር ነው።

ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ፌዴሬሽን በአደጋ ጊዜ በሚያድለው የሚታጠብ ሞዴስ ጥቅል ውስጥ ባልዲ፣ ሳሙና፣ ገመድና የልብስ መቆንጠጫ አብሮ ማስገባቱ ሦስተኛው ወገን የሚለውን በተግባር መቀበል ነው። ገመዱ የዕቃው አካል ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ በመጠለያ ለሚኖሩ ተፈናቃይ ሴቶች ግን ገመድም በቂ አይሆንም፤ ገመዱን የሚዘረጉበት፣ ዝናብ የማይገባበት፣ ወንዶች የማያልፉበት ጥግ ያስፈልጋል። ይህ ከጨርቁ ፋብሪካ ይልቅ የመጠለያ ሠሪው ሥራ ነው፤ በመጠለያ ፕላን ላይ ደግሞ ማድረቂያ ቦታ እምብዛም አይሣልም።

ፓንቱ የጨመረው ጣጣ

የወር አበባ ፓንት ምቾቱ ከሞዴስ ይበልጣል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ አይሸሽም፣ አይወድቅም። በማድረቅ በኩል ግን ይብሳል። መምጠጫውን መንቀል አይቻልም፣ ወፍራሙ ክፍል እስኪደርቅ ሙሉ ፓንቱ ይጠብቃል። ማድረቂያ ማሽን ባለበት አገር እንኳ ብዙ አምራቾች ማሽኑን ይከለክላሉ።

ውሃ የማያሳልፈውና እድፍ የማይዘው ሽፋን ከምን እንደሚሠራም ጥያቄ ተነሥቷል። አሜሪካ ውስጥ ቲንክስ የተባለው ኩባንያ ፓንቶቹ ፒኤፍኤኤስ የሚባሉ ኬሚካሎች አሉባቸው ተብሎ ተከሶ በ2023 ጥፋቱን ሳያምን በስምምነት ጨርሷል። ጉዳዩ ከማጠብ ጋር የሚገናኘው በአንድ በኩል ነው፤ ውሃ የሚገፋ ኬሚካል ማጠብና ማድረቅን ያቀላል፣ ያ ቅለት በምን ዋጋ እንደመጣ ግን ሸማቿ ከማሸጊያው ላይ አታነበውም።

ስንት ፍሬ ይበቃል

ከሁሉ ያነሰ ክርክር የተደረገበት፣ ምናልባት ከሁሉ ይበልጥ ወሳኙ፣ ቁጥሩ ነው። ሦስት ወይም አራት ፍሬ የያዘ ጥቅል የተለመደ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ለምትቀይር ሴት ጥር ላይ ጧት የታጠበው ማታ ስለሚደርስ አራት ፍሬ እያብቃቃች ትዘልቃለች። ነሐሴ ላይ አንዱ ፍሬ ለመድረቅ ሦስት ቀን ከወሰደ፣ ሦስቱ በዕለቱ አገልግሎት ላይ፣ ዘጠኙ በገመድ ላይ መሆን አለባቸው፤ አሥራ ሁለት ማለት ነው። አራት ብቻ ያላት ምርጫዋ ግልጽ ነው፤ ርጥቡን ትለብሳለች፣ ወይም አንዱን ከሚገባው ሰዓት በላይ ታቆየዋለች። በጥናቶቹ ውስጥ “አያያዝ ጉድለት” ተብሎ የሚመዘገበው ነገር ብዙው ከዚህ ሒሳብ የሚወጣ ይመስላል። ልጅቷ አልሰነፈችም፣ ፍሬው ነው ያነሳት።

ቁጥሩን ማብዛት ወጪ ነው፤ የሚታጠበው በርካሽነቱ የሚመካበትን መከራከሪያም ያሳሳዋል። አንዳንዶች ስለዚህ ማፈራረቅን ይመክራሉ፤ በበጋ የሚታጠብ፣ በክረምት የሚጣል፣ ወይም ቀን የሚጣል፣ ማታ የሚታጠብ። የሚጣለው በየወሩ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ማስወገጃም ይፈልጋል፤ ጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ መጣሉም የራሱ ጣጣ አለው። የወር አበባ ዋንጫ ይሻላል የሚሉም አሉ። በ2019 ላንሴት ፐብሊክ ኸልዝ ላይ የወጣው 43 ጥናቶችን የመረመረ ዳሰሳ ደኅንነቱን በበጎ አይቶታል፤ ዋንጫ ገመድ አይፈልግም፣ በድስት ይፈላል። ወደ ብልት የሚገባ ነገር ላላገባች ልጅ መስጠት በብዙ ቤት የሚያስነሳው ተቃውሞ ግን በጥናት ቁጥር የሚፈታ አይደለም።

የዓለም አቀፉ ደረጃዎች ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ ለወር አበባ ምርቶች የጋራ መለኪያ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ አቋቁሟል። መምጠጥን መለካት ቀላል ነው፤ ፈሳሽ አፍስሶ መመዘን ነው። መድረቅን ለመለካት ግን በቅድሚያ የት እንደሚደርቅ መወሰን ያስፈልጋል፤ በ25 ዲግሪ፣ ደረቅ አየር ባለበት ላብራቶሪ ወይስ በ15 ዲግሪ፣ ጣሪያው በሚያንጠባጥብ ክፍል ውስጥ? በመጀመሪያው ሁሉም ምርት በጥሩ ውጤት ያልፍ ይሆናል። በሁለተኛው ግን የትኛው ሞዴስ በስንት ሰዓት እስከ መሐሉ እንደሚደርቅ ማሸጊያው ላይ ቢጻፍ፣ የፍቼዋ ገዢ አራት ፍሬ ትግዛ ወይስ አሥራ ሁለት፣ ወይስ ለሐምሌና ለነሐሴ የሚጣለውን ትያዝ፣ ገንዘቧን ሳታወጣ ታውቅ ነበር።